የጡረታ ገንዘብም እንደ በሬ መንገድ ላይ ይከሳል

ከነገሌ ቦረና ገበያ ሰንጋ ገዝቶ ወደ ሰሜን የሚልክ ነጋዴ ትርፉን በሸጠበት ዋጋ አይለካም። የደላላው፣ የኮቴ ቀረጡ፣ የነጂው፣ የአይሱዙው ጭነት፣ የሣርና የውሃው ወጪ አንድ በአንድ ይቀነሳል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ደረሰኝ የሌለው ወጪ ነው። ሰንጋው በዋደራና በክብረ መንግሥት አልፎ አዳማ ማድለቢያ እስኪደርስ የሚከሳው ኪሎ በማንም መዝገብ አይጻፍም፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ብቻ ይታያል።

ይኸው ነጋዴ ልጁ ወይም እህቱ በግብረ ሰናይ ድርጅት ወይም በባንክ ቅርንጫፍ ተቀጥራ በየወሩ ለጡረታ የሚቆረጥላት ገንዘብ የት እንደተቀመጠና ስንት ወለድ እንደሚታሰብለት ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። ባለገንዘቧም ብትሆን ብዙ ጊዜ አታውቀውም። በነገሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ ደመወዝተኛው በበዛ ቁጥር ይህ ያልተቆጠረ ሀብት አብሮ እያደገ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። መዋጮው ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሎ ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ደርሷል። በዚህ በኩል ያለው ሠራተኛ ጡረታው የሚሰላለት በደመወዙና በአገልግሎት ዘመኑ ስለሆነ፣ ገንዘቡ በደንብ ወለደም አልወለደም ጉዳቱ በቀጥታ በእሱ ሒሳብ ላይ አይወድቅም።

የፕሮቪደንት ፈንድ ሠራተኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት በፕሮቪደንት ፈንድ ሲጠቀሙ የነበሩ በዚያው መቀጠል ተፈቅዶላቸዋል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሠራተኛው በመጨረሻ የሚያገኘው የተጠራቀመውንና የወለደውን ብቻ ነው። ወጪው የእሱ ነው፤ ኪሳራውም የእሱ ነው።

ወጪው ትንሽ ስለሚመስል ነው የሚዘነጋው። አንድ ሠራተኛ 8,000 ብር ደመወዝ አለው እንበል፤ ከእሱና ከአሠሪው ተደምሮ 15 በመቶ፣ ማለትም በወር 1,200 ብር ይገባለታል። ደመወዙ ሳይጨምር፣ ሳይቋረጥ 25 ዓመት ቢቆይ በራሱ የገባው 360,000 ብር ነው። ገንዘቡ በዓመት 9 በመቶ ቢወልድ የመጨረሻው ድምር 1 ሚሊዮን 220 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። በአስተዳደር ክፍያም ይሁን ዝቅ ያለ ወለድ በመቀበል 1 በመቶ ቢጎድልበትና በ8 በመቶ ቢወልድ ድምሩ 1 ሚሊዮን 53 ሺህ ብር ነው። 2 በመቶ ቢጎድልበት ደግሞ 911 ሺህ ብር። በሁለት በመቶ ልዩነት ከ300,000 ብር በላይ ሄደ ማለት ነው፤ ሠራተኛው በ25 ዓመት ካዋጣው ብዙም የማይተናነስ ገንዘብ። በነገሌ ገበያ ስንት ሰንጋ እንደሚገዛ አንባቢው ራሱ ያስላው።

ይህ የቦረና ስሌት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ 401 ኬ የሚባለው የመሥሪያ ቤት የጡረታ ሒሳብ ብዙ ሠራተኛ ያቀፈ ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ለሠራተኞች ባዘጋጀው ማስረጃ እንዳሳየው፣ 25,000 ዶላር ያለው ሰው ምንም ሳይጨምርበት 35 ዓመት በ7 በመቶ ትርፍ ቢያቆየው፣ ክፍያው ግማሽ በመቶ ከሆነ 227,000 ዶላር ያገኛል። ክፍያው አንድ ተኩል በመቶ ከሆነ ግን 163,000 ዶላር ነው። ልዩነቱ 28 በመቶ። እዚያ ሠራተኛው ወጪው አነስተኛ የሆነውን ፈንድ የመምረጥ ዕድል አለው። እዚህ ግን አብዛኛው ፕሮቪደንት ፈንድ ባንክ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ የኢትዮጵያው ሠራተኛ ዋና ወጪ የአስተዳዳሪ ክፍያ ሳይሆን ገንዘቡ ተኝቶ መክሳቱ ነው።

የከሳበትንም ልክ መቁጠር ይቻላል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ከወለዱ ላይ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 5 በመቶ ግብር ሲነሳ የሚቀረው 6.65 በመቶ ነው። በ2014 በጀት ዓመት ግን የዋጋ ንረቱ በአማካይ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት በቁጠባ ሒሳብ የተቀመጠ 100 ብር ዓመቱ ሲያልቅ የመግዛት አቅሙ ከ82 ብር አይበልጥም። ደላላው እንኳ ከአንድ ሰንጋ ላይ ይህን ያህል አይወስድም።

መንግሥታዊው የጡረታ ገንዘብም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። የጡረታ ኤጀንሲዎች የግምጃ ቤት ሰነድ ዋና ገዢዎች ነበሩ፤ ወለዱም ለብዙ ዓመታት ከ3 በመቶ በታች ነበር። ሰነዱ በገበያ ዋጋ በጨረታ መሸጥ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው።

በደቡብ ቆላ ከተሞች ያለው ሌላው ወጪ ደግሞ የውል መቆራረጥ ነው። በአካባቢው የግብረ ሰናይ ሥራ በፕሮጀክት የሚሄድ ሲሆን፣ ድርቅ ሲመጣ ቅጥር ይበዛል፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሠራተኛው ይሰናበታል። በተሰናበተ ቁጥር ፕሮቪደንቱን በጥሬው ይወስድና በሚቀጥለው ድርጅት ከዜሮ ይጀምራል። ከላይ በተሰላው ሒሳብ ዋናው ገንዘብ የሚወለደው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስለሆነ፣ በየሦስት ዓመቱ የሚያወጣ ሰው እዚያ ደረጃ አይደርስም።

ያወጣውስ የት ይገባል? አንዱ ቦታ ይገዛል፣ አንዱ ሠርግ ይደግሳል፣ ብዙው ግን ከብት ይገዛል። የቦረና ሰው ከብትን እንደ ጡረታ ማየቱ አያስገርምም፤ ከብት ይወልዳል፣ ብር በሚወድቅበት ጊዜም ዋጋው ይነሣል። የሸፈተ ዝናብ ግን አይምርም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ በቦረና ያለቀው ከብት ስንት ቤተሰብ ያደኸየ ነው። ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ከብቱ ላለቀበት ሰው የሚተካለትን ያዋጣል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲከስር ግን የሚያዋጣም አይገኝም። እርግጥ በ2004 ዓ.ም. በቦረና የተጀመረው በሳተላይት የግጦሽ መጠን የሚለካ የከብት መድን አንድ አማራጭ ከፍቷል፤ እሱም ቢሆን ዓረቦን አለው፣ ዓረቦንም ወጪ ነው።

አዲሱ በር የካፒታል ገበያው ነው። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከዚያ ቀደም በምሥረታ ላይ ያሉ ኩባንያዎች አክሲዮን ሲሸጡ የአገልግሎት ክፍያ እያሉ በመቶኛ መቁረጥ የተለመደ ነበር። 5 በመቶ የተቆረጠበት ገዢ ከ100 ብር ሥራ ላይ የዋለለት 95 ብር ነው፤ ትርፍ ማየት የሚጀምረው ያቺ 5 ብር ከተመለሰች በኋላ ነው። በአዲሱ ገበያም ደላላው፣ ሰነድ ጠባቂውና አማካሪው የየራሳቸውን ያስከፍላሉ። ከሞያሌ ማዶ ኬንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የጡረታ ፈንዶችን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ስታቋቁም፣ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰውንና ገንዘቡን የሚጠብቀውን ድርጅት ለይታ ፈቃድ ትሰጣለች። ጥበቃው ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ግን ይከፈላቸዋል።

ስለዚህ በነገሌ የተቀመጠ ሠራተኛ ለፈንዱ ኮሚቴ ሊጽፈው የሚገባው ደብዳቤ አጭር ነው። ገንዘቡ በየትኛው ባንክ፣ በተራ ቁጠባ ነው በጊዜ ገደብ ተቀማጭ? ባለፈው ዓመት ከግብርና ከክፍያ በኋላ ስንት በመቶ ወለደ? ሥራ ሲለቅ ሳያወጣው ማቆየት ይችላል? ብዙ ጊዜ ኮሚቴው የሚሰበሰበው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ሠራተኛ በስብሰባው ባይኖርም፣ ነጋዴው ኮርማውን ከጫነ በኋላ ለሾፌሩ ደውሎ «የት ደረሰ?» እንደሚለው ሁሉ እሱም መጠየቅ አያቅተውም።