ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራ ኤሲ

ነቀምት ላይ ስለ ኤሲ ብታወሩ የሚሰማችሁ ሰው የጃኬቱን ዚፕ እየዘጋ ይስቅባችኋል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በቡሬ መንገድ ወደ ሰሜን ወርዳችሁ አንገር ጉቲን ስትደርሱ ግን ወሬው ይቀየራል። የአንገር ሸለቆ ቆላ ነው፤ የመጋቢትን ፀሐይ እዚያ የቀመሰ ያውቀዋል።

የአጎቴ ልጅ አንገር ጉቲን ላይ መድኃኒት ቤት አላት። ኤሲ ያስገባችው ለራሷ ምቾት ብላ አይደለም። ብዙ የመድኃኒት ካርቶኖች ላይ «ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ወይም «ከ30 ዲግሪ በታች» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። እሁድ ዘግታ ነቀምት ስትሄድ መብራት ቀትር ላይ ይሄድና ከሰዓት ይመጣል፤ ኤሲው ግን እንደጠፋ ይውላል። «ነቀምት ሆኜ በስልኬ ላየው አልችልም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ትችያለሽ። ግን መንገዱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ከኤሲው ጋር የሚመጣው አፕ ነው። ስልካችሁ ላይ «አብራ» ስትሉ ትእዛዙ በኢንተርኔት አድርጎ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ በክፍሉ ዋይፋይ ኤሲው ጋ ይመጣል። አሪፍ ነው፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ ዕቃ ሲገዛ እኔ ቀድሜ የማስበው ዕቃው በማይሠራበት ቀን የሚመጣውን ኪሳራ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ያኔ እንዲህ ያለ አፕ ስልክ ላይ ያለ ሥዕል ብቻ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው መንገድ አእምሮውን እዚያው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የሚያስፈልገው የሙቀት መለኪያ ሴንሰር፣ እንደ ሪሞት ኢንፍራሬድ የሚልክ ትንሽ ዕቃ፣ እንዲሁም እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሆም አሲስታንት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይጫናል። «ሙቀቱ 25 ሲደርስ ኤሲውን አብራ» ተብሎ አንዴ ከታዘዘ፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሠራል። ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ ነቀምት ላለው ስልክ ወሬውን ይልካል። ኢንፍራሬድ ላኪውን ስትገዙ ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ የአንዳንዱ አፕ እሱም ውጭ አገር ደርሶ ነው የሚመለሰው።

ሴንሰሩን «ይቅርብኝ» እንዳትሉ። ኢንፍራሬድ መናገር እንጂ መስማት አይችልም። ትእዛዙን ይልካል፣ ኤሲው ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ ግን አያውቅም። እውነቱን የሚነግራችሁ የክፍሉ ሙቀት መውረዱ ነው።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ፦ ኤሲውን ስማርት ሶኬት ላይ ሰክታችሁ በሱ አታብሩ፣ አታጥፉ። እየሠራ ያለ ኮምፕረሰር ላይ ኃይል በድንገት መቁረጥ ይጎዳዋል፤ አቅሙ ያነሰ ሶኬት ደግሞ ይግላል፣ ይቀልጣል። መብራት ሲመለስም ኮምፕረሰሩ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ደቂቃ ያህል ማረፍ አለበት።

ቢሉን አትርሱ። 12,000 ቢቲዩ የሚባለው ኤሲ ኮምፕረሰሩ ሲሠራ ወደ 1 ኪሎዋት ይበላል። ቀን ከቀን 10 ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ በወር እስከ 300 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። ሙቀት እየለካ ሲያስፈልግ ብቻ የሚያበራ ሥርዓት ወጪውን ቀስ በቀስ ሊመልስ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምንም ብር የማያስወጣውን ሞክሩ። ኤሲው እየሠራ ሳለ ባለሙያ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፋላችሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሶ ያብራው። ኤሲው ራሱ ከተነሳ፣ ግማሹ ችግር ተፈቷል። ካልተነሳ መመሪያውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ሞዴል ላይ ይህ ነገር ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ በሪሞት ይከፈታል።

አዲስ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ስለ አፑ ሲያወራ አስጨርሱትና ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ መብራት ሲመለስ ራሱ ይነሳል ወይ? ዳታ ሲጠፋስ ማን ያዘዋል?