ኒው ሀልፋ፦ የጥንቱ ጽሑፍ ቁልፍ በሕያዋን አንደበት

በጃንዋሪ 1964 በሱዳንና በግብፅ ድንበር አጠገብ የነበረችው የፋረስ መንደር ሰዎች ጓዛቸውን ሸክፈው ባቡር ተሳፈሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቴምር ዛፎቻቸውን፣ የአባቶቻቸውን መቃብርና የዓባይን ዳርቻ ትተው የሄዱት ወደው አልነበረም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ የሚያቁረው ውሃ አገራቸውን ሊውጥ ነበርና። ከፋረስ ቀጥሎ የሌሎቹ መንደሮች ተራ ደረሰ። በጠቅላላው 50,000 ያህል ሱዳናውያን ኑብያውያን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ከከሰላ በስተ ምዕራብ በአትባራ ወንዝ አካባቢ ሰፈሩ። አዲሱ ሰፈር የቀድሞ ከተማቸውን የዋዲ ሀልፋን ስም ወርሶ ኒው ሀልፋ ተባለ።

አትባራ ለእኛ ባዕድ ወንዝ አይደለም። ከጣና ሰሜን ምዕራብ የሚነሳው ጓንግ፣ ከጎንደር በኩል የሚወርደው አንገረብና ሱዳን ሲገባ ሰቲት የሚባለው ተከዜ የሚቀላቀሉበት ነው። የኸሽም አልጊርባ ግድብ በ1964 ተጠናቆ የኒው ሀልፋን የጥጥና የስንዴ ማሳ ሲያጠጣ፣ የሚያጠጣው በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበውን ዝናብ ነው። ከዚሁ ደጋ ታጥቦ የወረደው አፈርም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የግድቡን ማጠራቀሚያ በደለል እየሞላ አጥብቦታል። ዝናብ ከማይታወቅበት በረሃ የመጡት ኑብያውያን በቡታና ሜዳ ላይ ነጎድጓድና ጭቃ ጠበቃቸው። የሹክሪያ አርብቶ አደሮች ደግሞ የግጦሽ መሬታቸው ወደ መስኖ እርሻ ሲለወጥ አዩ።

ከዚህ መፈናቀል ጋር በአንድ ዘመን ስለ ኑብያ የሚደረገው ጥናት ከምንጊዜውም በላይ ተስፋፋ። በ60 ዓመት ውስጥ የተገኘው እውቀት ብዙ ነው። ከሁሉም ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን በጥንታዊ ጽሑፎች የተቆለፈውን ታሪክ የሚከፍተው ቁልፍ ዛሬ በሕይወት ያሉ ተናጋሪዎች አንደበት መሆኑ ነው።

ከውሃው በፊት

ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ ለሁለት የተከፋፈሉበት፣ ኢትዮጵያ ያልተጠራችበት ስምምነት የተፈረመው በኖቬምበር 8 ቀን 1959 ነው። በማርች 1960 ዩኔስኮ በውሃ ሊጥለቀለቁ የተቃረቡትን የኑብያ ቅርሶች ለማዳን የዓለምን እርዳታ ጠየቀ። በሱዳን በኩል የነበረውን የአርኪዮሎጂ ቅኝት የመሩት አሜሪካዊው ዊልያም አዳምስ በኋላ ያን ሁሉ እውቀት አጠቃልለው በ1977 ስለ ኑብያ የተጻፈውን ዋነኛ የታሪክ መጽሐፍ አሳተሙ። የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ድንጋያቸው ተነቅሎ ካርቱም ተወሰደና እንደገና ቆመ።

ትልቁ ድንቅ የተገኘው በዚያችው በፋረስ ነው። በካዚሚየዥ ሚሃዎቭስኪ የተመራው የፖላንድ ቡድን ከ1961 እስከ 1964 ሲቆፍር አሸዋ የሞላው ካቴድራል አገኘ። በግድግዳዎቹ ላይ ከ120 በላይ ሥዕሎች ነበሩ፤ መላእክት፣ ቅዱሳን፣ ነገሥታት፣ ጥቁር ፊት ያላቸው ጳጳሳት። ሥዕሎቹ ከግድግዳው እየተላጡ በከፊል ወደ ዋርሶ፣ በከፊል ወደ ካርቱም ተወሰዱ። የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል እያየ ያደገ ሰው እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች ሲያይ የዘመድ ፊት ያየ ይመስለዋል።

ዝምድናው በሥዕል ብቻ አይወሰንም። ኖባድያ፣ ማኩርያና አሎድያ የተባሉት የኑብያ መንግሥታት በ6ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን ተቀብለው እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ጳጳስ የሚሾምላቸው ከእስክንድርያ ነበር። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደሚተርከው በ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በእኛ ትውፊት ዮዲት ከምትባለው ንግሥት ዘመን ጋር በሚያያዘው ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ጳጳስ እንዲላክለት ያማለደው ወደ ኑብያው ንጉሥ ጊዮርጊስ ደብዳቤ በመጻፍ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ስንሄድ በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው የድል ጽሑፍ ኖባ የሚባል ሕዝብን በተከዜ መልካ ወግቶ እንዳሳደደ ይናገራል። ብዙ ምሁራን እነዚህን ኖባዎች የኑብያ ቋንቋ ተናጋሪዎች አያቶች አድርገው ያዩአቸዋል፤ በጽሑፉ የተጠቀሰውንም ተከዜ ከአትባራ ጋር ያገናኙታል። ይህ ከሆነ በ1964 ባቡሩ ያራገፋቸው ኑብያውያን የሰፈሩት ቅድመ አያቶቻቸው በግዕዝ ከተመዘገቡበት ወንዝ አጠገብ ነው።

የሁለት ጽሑፎች ዕጣ

በዓባይ ሸለቆ ሁለት የጥንት ጽሑፎች ለዘመናዊ ምሁራን ፈተና ሆነው ቆይተዋል።

የመጀመሪያው ጥንታዊ ኑብያኛ ነው። ከ8ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን የተጻፈበት ይህ ቋንቋ ፊደሉን ከግሪክና ከቅብጥ ወስዶ ሦስት ያህል ምልክቶችን ከክርስቲያን መንግሥታቱ በፊት ከነበረው ከመርዌ መንግሥት ጽሑፍ ጨመረ። በ1906 በካይሮ የተገዙ የብራና ቁርጥራጮችን ጀርመናውያኑ ካርል ሽሚትና ሃይንሪሽ ሼፈር የኑብያ ቋንቋ መሆናቸውን ለዩ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ግሪፍዝ በ1913 ጽሑፎቹን ሰብስቦ ከነትርጉማቸው አሳተመ።

መንገዱ ሁለት ደረጃ ነበረው። ጽሑፎቹ በአብዛኛው መንፈሳዊ በመሆናቸው፣ ለምሳሌ ከወንጌል የተወሰደ ንባብ ሲገኝ፣ ግሪኩን አጠገቡ አድርጎ ቃል በቃል ማስተያየት ይቻላል። በዚህ መንገድ የማይፈታው የግስ እርባታ፣ የዓረፍተ ነገር አሰካክና የተራ ኑሮ ቃል ሲያጋጥም ግን ወደ ኖቢን መመለስ ያስፈልጋል። ኖቢን የዋዲ ሀልፋና የማሐስ ሰዎች ዛሬም የሚነጋገሩበት፣ የጥንታዊ ኑብያኛ የቅርብ ዘር የሆነ ቋንቋ ነው። ጄራልድ ብራውን በ1996 ያሳተመው የጥንታዊ ኑብያኛ መዝገበ ቃላትና ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ሰዋስዎች የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ውጤቱ ከጸሎት መጽሐፍ አልፏል። በቀስር ኢብሪም ምሽግ ከ1963 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ የመሬት ሽያጭ ውሎች፣ ደብዳቤዎችና የሒሳብ ወረቀቶች ተገኙ። ታሪክ ጸሐፊው ጆቫኒ ሩፊኒ እነዚህን አንብቦ በ2012 ባወጣው መጽሐፍ በመካከለኛው ዘመን ኑብያ መሬት በውል እንደሚሸጥና እንደሚገዛ፣ ሴቶችም በስማቸው መሬት እንደሚይዙ አሳየ። ንጉሥና ጳጳስ ብቻ ይታይበት የነበረው ታሪክ ገበሬውና ባልቴቷ የሚናገሩበት ሆነ።

ሁለተኛው ጽሑፍ የመርዌ ነው። ይህንንም ፊደል ያነበበው ግሪፍዝ ሲሆን በ1911 ድምፆቹ ተለይተው ነበር። የነገሥታትና የአማልክት ስም፣ ጥቂት ማዕረጎችና የመቃብር ቀመሮች ይታወቃሉ፤ የቀረውን ግን ዛሬም ድምፁን እያሰሙ ትርጉሙን ሳይረዱ ማንበብ ነው። ምክንያቱም የመርዌ ቋንቋ በቀጥታ ወርሶ የሚናገረው ሕዝብ ሳያስቀር ስለጠፋ ነው። ፊደሉ ተነበበ፤ ቁልፉ ግን ከተናጋሪዎቹ ጋር ተቀበረ።

ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ክሎድ ሪሊ ችግሩን በዘመዶች በኩል ለመፍታት ሞከረ። የኑብያ ቋንቋዎችን፣ በምዕራብ ኤርትራ በባረንቱ አካባቢ የሚነገረውን ናራን፣ በዳርፉርና በቻድ ድንበር የሚነገረውን ታማንና ሌሎችንም ጎን ለጎን አድርጎ እንደ አካል ክፍሎች፣ እንደ ውሃና እንደ እሳት ያሉ መሠረታዊ ቃላትን አነጻጸረ። በድምፆች መካከል ሥርዓት ያለው መመሳሰል ከተገኘ የጋራ አያት የነበረውን ቃል መልሶ መገመት ይቻላል። በዚህ መንገድ የመርዌ ቋንቋ ከእነዚህ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን የሚያሳይ ሰፊ ማስረጃ አቀረበ። እንግዲህ ለመርዌ ነገሥታት ጽሑፍ ከሁሉ የሚቀርቡት ምስክሮች የኒው ሀልፋ አዛውንት እና ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ ከድንበሩ ማዶ ያሉት የናራ ገበሬዎች ናቸው።

አጥንትና ገል የሚናገሩት

ጽሑፍ በሌለበት ሌሎች ምስክሮች ይጠየቃሉ። በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት በሱዳን ኑብያ በምትገኘው በኩሉብናርቲ ከ1,000 ዓመት በፊት የተቀበሩ 66 ሰዎችን መረመረ። ከዘር ሐረጋቸው 43 በመቶ ያህሉ ከዓባይ ላይኛው ሸለቆ ሕዝቦች ጋር፣ የቀረው በግብፅ በኩል ከመጣ የምዕራብ እስያ ዘር ጋር ይያያዛል። ሟቾቹ በሁለት የተለያዩ መቃብሮች ተቀብረው ነበር፤ የአንደኛው መቃብር አጥንቶች የበለጠ የችግርና የበሽታ ምልክት አላቸው። ዘረመሉ ግን ሁለቱ አንድ ሕዝብ መሆናቸውን፣ እንዲያውም ዘመዳሞች በሁለቱም መቃብር መገኘታቸውን አሳየ። የለያቸው ኑሮ እንጂ ዘር አልነበረም።

ኑብያውያን የሰፈሩበት የአትባራ ዳርቻም የራሱ ጥንት አለው። በኸሽም አልጊርባ አካባቢ ተቆፍረው በወጡ ገሎች ላይ የእህል ገለባ አሻራ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን ከገለባ ጋር ስላቦኩት ገለባው በእሳቱ ተቃጥሎ ቅርጹን ትቶ ሄደ። ተመራማሪዎች አሻራውን በላስቲክ መሰል ነገር ሞልተው ቅጂውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። በ2017 ባወጡት ውጤት ገለባው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 እስከ 3000 የነበረ፣ መላመድ የጀመረ ማሽላ ነው፤ እስካሁን ከታወቁት የለማዳ ማሽላ ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው። በዚህ የወንዝ ዳር የተጀመረው እህል ዛሬ ከሁመራ እስከ ገዳሪፍ የሕዝብ ቀለብ ነው።

ይሁን እንጂ ማሽላውን የዘሩት ሰዎች በምን ቋንቋ እንደተነጋገሩ ገሉ አይነግረንም፤ የኩሉብናርቲ አጥንትም የሟቹን ስም አያውቅም። ይህን ክፍተት አስቀድሞ ከተረዱት አንዱ አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሄርማን ቤል ነበር። ሌሎች ድንጋይ ሲያድኑ እሱ ከኑብያውያን ጋር እየተዘዋወረ የደሴቱን፣ የድንጋዩንና የእርሻውን ስም መዝግቦ በ1970 አሳተመ። መሬቱ ከውሃው ሥር ቢሆንም ስሙ ተርፏል።

ባስኮች ያደረጉት

በሌላ አህጉርም የጥንት ጽሑፉ በሕያው አንደበቱ የሚፈታ ሕዝብ አለ። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር የሚኖሩት ባስኮች ቋንቋቸው በዓለም ላይ ሕያው ዘመድ የለውም። በሮም ዘመን በአኪታንያ ድንጋዮች ላይ የተቀረጹ የሰዎች ስሞች የባስክ ቋንቋ ጥንታዊ መልክ መሆናቸው የታወቀው በዛሬው ባስክኛ በኩል ነው። በ2022 ይፋ የሆነው የኢሩሌጊ የነሐስ እጅም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ ሲሆን፣ ምሁራን የመጀመሪያ ቃሉን ለማስተያየት ያመሩት ወደ ዘመናዊው ባስክኛ ነው።

ባስኮች ግን ጥናቱን ለውጭ ምሁራን ብቻ አልተዉም። በ1919 የቋንቋ አካዳሚያቸውን አቋቋሙ። በፍራንኮ አገዛዝ ቋንቋው ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ሲገፋ ቆይቶ፣ በ1968 በኮልዶ ሚቼሌና መሪነት ሁሉም ቀበሌኛ ተናጋሪ የሚጽፍበትን የጋራ መልክ ለመቅረጽ ተሰባሰቡ። በግ ጠባቂ ሆነው አሜሪካ የተሰደዱ ባስኮች በሚኖሩባት በኔቫዳም ከ1967 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው የባስክ ጥናት ያካሂዳል። ዛሬ ሕፃናት በባስክኛ ይማራሉ፤ ጥናቱ ወደ ቤት ተመልሷል።

የኒው ሀልፋ የቤት ሥራ

ኑብያውያንም ጀምረዋል። ግብፃዊው ኑብያዊ ምሁር ሙኽታር ኸሊል ካባራ ኖቢንን በአያቶቹ ፊደል ለመጻፍ የሚያስተምር መጽሐፍ አዘጋጅቶ፣ መጽሐፉ እሱ ካረፈ በኋላ ታተመ። ፊደሉ ዛሬ በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ ወጣቶችም ይማሩታል።

ጊዜው ግን አጭር ነው። በ1964 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ኑብያዊ ዛሬ ከ70 አልፏል። በኒው ሀልፋ ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ ቢሮውም ዓረብኛ ነው። በ2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱምን ብሔራዊ ሙዚየም ለዝርፊያ አጋልጦ ከጥፋት ውሃ የተረፈውን ቅርስ ጎድቷል፤ ኒው ሀልፋም ከሌላ አካባቢ የሸሹ ተፈናቃዮችን ተቀብላለች። ሙዚየም ውስጥ የገባ ድንጋይ እንኳ ያለ ጠባቂ እንደማይቆይ አይተናል።

ስለዚህ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ወደ መንደሮቹ መሄድ የቅንጦት ሥራ አይደለም። የቴምር እርሻ ቃላት፣ የሳቂያ ውሃ መሳቢያ ክፍሎች ስም፣ የሰርግ ዘፈን፣ የባቡሩ ጉዞ ትረካ፣ ሁሉም ለነገው የመርዌ ጽሑፍ አንባቢ ማስረጃ፣ ለኑብያዊው ሕፃን ደግሞ ርስት ነው። ሥራውን የሚመሩትም የቋንቋው ልጆች ሊሆኑ ይገባል፤ የባስኮች ልምድ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

እኛም ድርሻ አለን። በኢዛና ጽሑፍ ላይ ያለውን ኖባ የሚያነብ የግዕዝ ሊቅ በአገራችን ሞልቷል። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ለድንበሩ የሚቀርበው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሱዳንና ከኤርትራ ባልደረቦች ጋር ሆነው ግዕዙን፣ ናራውንና ኖቢኑን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያስቀምጡ የሦስቱም ሕዝቦች ታሪክ ይጠራል። የኒው ሀልፋ አዛውንት ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ሊጠየቁ የሚገባውም ዛሬ ነው።