ያውቁ ኖሯል? በመተማ በር የገቡና የወጡ የቤተ መንግሥት ደብዳቤዎች

ከገዳሪፍ በዶካ አድርጎ ወደ ገላባት የሚወስደው መንገድ ዛሬ የሚታወቀው በሰሊጥ፣ በማሽላና በጭነት መኪና ነው። ከጎንደርና ከጎጃም ለአጨዳ ተሻግሮ እስከ መፋዛ እርሻ ድረስ የሚዘልቀው ሠራተኛም ያውቀዋል። የነገሥታት ደብዳቤም ሄዶበታል፤ አንዳንዱ ሰው አሳስሯል፣ አንዳንዱም ጦር አስነስቷል። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በየካቲት 1863 ለንደን መግባቱን ያውቁ ኖሯል? መንገድ ላይ አልጠፋም። ወዳጅነት ይጠይቃል፤ መልእክተኞቼ በባሕር በደህና የሚያልፉበትን መንገድ አመቻቹልኝ ይላል። ከቢሮ ወደ ቢሮ ተመራ፣ ከዚያም መዝገብ ቤት ገባ። ለጉዳይ ደጅ የጠና አንባቢ ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ይባስ ብሎ፣ ንጉሡ መልሱን ይዞ እንዲመለስ የጠበቁት የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ደብዳቤውን በሌላ ሰው ልኮ እሱ ወደ ከሰላና ወደ መተማ ዞረ። ከሰላ ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ከጠላት አገር ባዶ እጁን ለመጣ ሰው የተደረገለት አቀባበል እስር ነው፤ ጥር 1864።

መልሱስ? ከእስሩ በኋላ፣ በግንቦት 1864 ተጻፈ። ይዞት የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ከርሞ፣ በከሰላ አድርጎ በኅዳር 1865 መተማ ገባ። ለንጉሡ እጅ በእጅ ያስረከበው በጥር 1866 ነው። አንድ ደብዳቤና መልሱ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ፈጁ! ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነው፤ በወጣትነቱ ነነዌ ላይ የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን የሸክላ ጽሑፎች ከምድር ቆፍሮ ያወጣ ሰው። በሺህ ዓመታት የሚቆጠር የንጉሥ መዝገብ ያገኘው እጅ፣ የዘመኑን ንጉሥ ደብዳቤ በጊዜው ማድረስ አልቻለም። በኋላ እሱም ከታሳሪዎቹ አንዱ ሆነ።

ካሜሮን በ1862 ከቪክቶሪያ ለቴዎድሮስ ያመጣው ገጸ በረከት ጥንድ ሽጉጥ ነበር። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ ነው።

ሁሉም ደብዳቤ ግን መና አልቀረም። አፄ ዮሐንስ በ1872 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ክብረ ነገሥትና የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል እንዲመለስ ለለንደን ጻፉ፤ አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ በዚያው ዓመት ተላከላቸው። ሥዕሉ አልተመለሰም።

ከመተማ ጦርነት ጥቂት ወራት በፊት፣ በ1888 ማብቂያ፣ አፄ ዮሐንስ ለሱዳኑ የደርቡሽ ጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ መላካቸውንስ ያውቁ ኖሯል? የደብዳቤው ሐሳብ ዛሬም ያስገርማል። እኔ አገርህ ገብቼ ድሀ ብገድል፣ አንተም አገሬ ገብተህ ድሀ ብትገድል ትርፉ ምንድን ነው? የሁለታችንም ጠላት አውሮፓዊው ነው፤ እኔን ካሸነፈ አንተንም አይምርህም፤ ስለዚህ እንተባበር የሚል ነው። ደብዳቤው የተጻፈው አቡ አንጃ ጎንደርን ባቃጠለ በዓመቱ መሆኑን ልብ ይሏል። ቂም ያልያዙ ሆነው አይደለም፤ ምጽዋ ላይ የሰፈረው ጣሊያን ይበልጥ አሳስቧቸው ነው። የአቡ አንጃ መልስ ስድብና እስልምናን ተቀበል የሚል ጥሪ ሆነ። እሱ ራሱ በጥር 1889 ሞተ፤ ጦሩን ዘኪ ጠማል ተረከበ። መጋቢት 9 ቀን መተማ ላይ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን አዘንብሎ ሳለ ንጉሡ በጥይት ቆሰሉ፣ በማግስቱም አረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። በዘጠኝ ዓመቱ የእንግሊዝ መድፍ ኦምዱርማን ደረሰ። ዮሐንስ አውሮፓዊው አይምርህም ያሉት ልክ ሆነ ማለት ነው።

የደርቡሾቹ መሪ ኸሊፋ አብዱላሂም ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። በ1887 ለንግሥት ቪክቶሪያ፣ ለግብፁ ኸዲቭና ለቱርኩ ሱልጣን ሳይቀር ተገዙ ብሎ ጽፏል። በመስከረም 1898 ኦምዱርማን ስትያዝ የመንግሥቱ ወረቀት በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። ከዓድዋ ድል በኋላ ከአፄ ምኒልክ ጋር የተጻጻፈውም ከዚያው መዝገብ ነው። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ መንግሥታት በመልእክተኛ ይነጋገሩ ነበር።

አሁን ወደ ድምፅ እንምጣ። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታ የላኩት በወረቀት ሳይሆን በሰም ሲሊንደር ተቀድቶ ነው። ያመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪንግተን ነበር። ምኒልክ ደጋግመው አስደመጡ፣ መድፍም አስተኮሱ። ሲሊንደሩ ግን የለም፤ ከተደመጠ በኋላ እንዲሰበር ንግሥቲቱ አስቀድመው አዘው ነበርና ተሰበረ። በ1899 ምኒልክና ጣይቱ በየተራ ለመቅጃው ተናግረው መልስ ላኩ። የእነሱ ድምፅ ተርፏል፤ ዛሬም ይደመጣል።

ምን አሉ? ምኒልክ ድምፅዎን ስሰማ ፊት ለፊትዎ የቆምኩ ያህል ሆነልኝ ብለው ይጀምራሉ፤ ጤና ይመኛሉ፤ ለሁለቱ አገሮች ሰላም ይለምናሉ። ሰላምታው ሊያልቅ ሲል አንድ ጉዳይ ጣል ያደርጋሉ። መተማ! ትልቁ ንጉሣችን ዮሐንስ ለሃይማኖታቸው የሞቱባት ከተማ ናትና በእጃችን እንድትቀር የእንግሊዝ መንግሥት ይርዳን የሚል ነው። የድንበር ማመልከቻ በሰም ላይ! በወረቀት ቢሆን የቴዎድሮስ ደብዳቤ ዕጣ ይደርሰው ይሆናል፤ ድምፅን ግን መዝገብ ቤት መምራት አይመችም። ከምኒልክ የዲፕሎማሲ ሥራ እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው።

ተሳካላቸው? ግማሽ በግማሽ። ግንቦት 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ በምኒልክና በዚያው በሃሪንግተን የተፈረመው ውል ገላባትን ለሱዳን፣ መተማን ለኢትዮጵያ አደረገ። ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ያለችው የድንበር ከተማ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

መስመሩን በ1903 መሬት ላይ ያመለከተው ሻለቃ ጉዊን ሲሆን የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት አልነበረም። ሐምሌ 18 ቀን 1972 የሁለቱ መንግሥታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ዶክተር ምናሴ ኃይሌና መንሱር ኻሊድ፣ ደብዳቤ በመለዋወጥ ያንኑ መስመር መነሻ አደረጉት። በድንበሩ ላይ ባለው በአል ፋሽጋ መሬት ክርክር ሲነሳ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው እነዚህን ወረቀቶች ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመንም ወረቀት በዚህ ድንበር ተሻግሯል። በ1940 አፄ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ገብተው አዋጅ ሲያጽፉ፣ ወረቀቱ በአውሮፕላን ይበተን፣ ደብዳቤውም በእግረኛ ወደ አርበኞች ይላክ ነበር። «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣም ካርቱም ታትሟል። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ወደ አርበኞቹ ድንበሩን የተሻገረው ከዶካ ተነስቶ ነው።

የኸሊፋው መዝገብ በኋላ ካርቱም በሚገኘው ብሔራዊ የሰነዶች ቢሮ ተቀመጠ። በሚያዝያ 2023 የተነሳው የሱዳን ጦርነት በዚያች ከተማ ያለውን የጽሑፍ ቅርስ ሁሉ አደጋ ላይ ጣለው፤ ብዙ ሺህ ሰውም በዚያው በመተማ በር ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

በእኛ በኩል የ19ኛው መቶ ዘመን የነገሥታት ደብዳቤዎች በስቬን ሩቤንሰን አዘጋጅነት «አክታ ኤቲዮፒካ» በተባለው ተከታታይ መጽሐፍ ታትመዋል፤ የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው በ1987 ነው። ያልታተመው ግን በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አለ። አያትዎ በቋራ፣ በአርማጭሆ ወይም በጭልጋ አርበኛ ከነበሩና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ትተው ከሆነ፣ በፕላስተር አይለጥፉት፣ ላሚኔትም አያስደርጉት። ፎቶ አንስተው ወደ ወመዘክር ወይም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይውሰዱት።