የብሳናው ሰፈርና ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት

«መካኒሳ! መካኒሳ አቦ!» የሚለውን የወያላ ጥሪ የአዲስ አበባ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ቃሉ ግን የታክሲ መዳረሻ ከመሆኑ በፊት የዛፍ ስም ነው። በአማርኛ ብሳና የምንለውን ዛፍ ኦሮምኛ ተናጋሪው መካኒሳ ይለዋል። የብሳና ቅጠል ሲያረጅ፣ ከመርገፉ በፊት፣ ብርቱካናማ ሆኖ ይደምቃል። አበባውን ንብ ትወደዋለች፤ ቡናም በጥላው ሥር ይለማል። ዛሬ ሰፈሩን ፎቅና አስፋልት ቢሞላውም ስሙ ዛፉን እንደያዘ ነው።

ይህ ዛፍ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ውስጥ የታወቀ ቦታ አለው። የተፈጠረበት ቀን ማክሰኞ ነው፤ ወገኑም በምሳር ከሚቆረጡት ነው። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር የመካኒሳ አትክልተኞች የሚያለሙት ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ የዚያው የማክሰኞ ፍጥረት ሆኖ በእጅ ከሚለቀሙት ይመደባል። በየቤቱ ምጣድ ላይ የሚጋገረው ጤፍ በማጭድ ከሚታጨዱት ነው። በእጅ የሚለቀም፣ በማጭድ የሚታጨድ፣ በምሳር የሚቆረጥ፦ ሊቃውንቱ የዕፅዋትን ዓለም በገበሬው እጅና በገበሬው መሣሪያ ከፋፍለው አስቀመጡት።

ቆጠራው በዚህ አያበቃም። በሰንበት ትምህርት ቤት ሥነ ፍጥረትን የተማረ ልጅ ከእሑድ እስከ ዓርብ ያለውን በጣቱ ይዘልቀዋል። እሑድ ስምንት ነው፦ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የሚባሉት አራቱ ባሕርያት፣ ከእነርሱም ጋር ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን። ሰኞ አንድ ብቻ ነው፤ ጠፈር። ማክሰኞ ሦስቱ የዕፅዋት ወገኖች ናቸው። ረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። ሐሙስ ከውኃ የተገኙት፣ በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩና በክንፍ የሚበሩ። ዓርብ እንዲሁ ከምድር የተገኙ ሦስት ወገኖች፣ በመጨረሻም ሰው። 8፣ 1፣ 3፣ 3፣ 3 እና 4 ሲደመሩ 22 ይሆናሉ። ሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረት የሚባለው ይህ ነው።

የቁጥሩ መሠረት መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። መጽሐፉ ሃያ ሁለቱን የፍጥረት ሥራዎች ከአዳም እስከ ያዕቆብ ካሉት ሃያ ሁለት አበው ጋር ያመሳክራቸዋል። ሙሉ ይዘቱን ጠብቆ ለዓለም ያቆየው ግዕዝ ብቻ ነው። በዕብራይስጥ የተጻፉ ቁርጥራጮቹ የተገኙት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር ባሉ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የውጭ ምሁራን ቁርጥራጮቹን ያነጻጸሩት ኢትዮጵያውያን ጸሐፍት በብራና ላይ ሲገለብጡት ከኖሩት ጽሑፍ ጋር ነበር። ከኩፋሌ ሌላ የስድስቱን ቀን ሥራ የሚተነትነውና ለቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ የሚሰጠው አክሲማሮስም የዚህ ትምህርት ምንጭ ነው።

የሳምንቱ ቀናት ስሞች ራሳቸው ይህን ቆጠራ ተሸክመዋል። እሑድ አንደኛ ማለት ነው። ሰኞ ሁለተኛ፣ ማክሰኞ የሰኞ ማግሥት፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ነው። ዓርብ የመግቢያ፣ የምሽት ቀን ሲሆን ቅዳሜ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከቀዳሚት ሰንበት ነው። «ሐሙስ እንገናኝ» ብሎ የሚቀጣጠር ሰው ሳያስበው የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ አንድ እየቆጠረ ነው።

ሊቃውንቱ ሃያ ሁለቱን በሌላ መንገድም ይከፍሏቸዋል። ሰባቱ በአርምሞ፣ ማለትም በዝምታ፣ ተፈጠሩ። ዐሥራ አራቱ በነቢብ፣ በመናገር። አንዱ፣ ሰው፣ በገቢር፣ በእጅ ሥራ። ብርሃን በቃል ከመጠራቱ በፊት አራቱ ባሕርያት፣ ጨለማው፣ ሰማያቱና መላእክቱ ድምፅ ሳይሰማ ነበሩ።

መካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የቆመ የታወቀ ትምህርት ቤት አለው። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ፊደል በጣት ሲጻፍ ለ33ቱ ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የእጅ ቅርጽ አለ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደው ድምፅ ደግሞ በሰባት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ሦስት ቅርጽና ሦስት እንቅስቃሴ ይሆናል፤ ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ፀሐይ በእጅ ላይ ትወጣለች። ፈጣሪ ሰባቱን በዝምታ ፈጠረ የሚለው የአበው ትምህርት ለእነዚህ ልጆች ልዩ ቅርበት አለው። የፍጥረት መጀመሪያ ጆሮ የሚፈልግ ነገር አልነበረም፤ የሰው መፈጠርም በእጅ የተሠራ ሥራ ነበር።

ሰው ለምን የመጨረሻ ሆነ? በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሳርያው ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ዘጠኝ ስብከቶችን ሰብኳል። ከአድማጮቹ ብዙዎቹ በዕለት ሥራቸው የሚተዳደሩ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ባስልዮስ ስለ ሰው ሳይጽፍ ያቆመውን ወንድሙ የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ቀጠለው፤ ሰው የዘገየው ንጉሥ ቤተ መንግሥቱ ሳይሰናዳ ስለማይገባ ነው አለ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንግዳ ሲጠበቅ ቤቱ ይጠረጋል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይታጠባል፣ እንጀራው ይጋገራል፤ እንግዳው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ መምህራን ሌላው ፍጥረት ሁሉ የተፈጠረው ለአንክሮ፣ ለተዘክሮና ለምግብ ነው ይላሉ፤ ሰው አይቶ እንዲያደንቅበት፣ ፈጣሪውን እንዲያስብበትና እንዲመገበው። ሰውና መላእክት ግን የተፈጠሩት ስሙን ቀድሰው ክብሩን እንዲወርሱ ነው። «ክብሩን ለመውረስ» የሚለው ሐረግ ከባድ ነው። ወራሽ የሚሆነው ልጅ ነው፤ አገልጋይ አይወርስም።

የዚህን ቃል ክብደት ለመረዳት የጥንቱን የባቢሎን ታሪክ ከጎኑ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በነነዌ በንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ፍርስራሽ የተገኙትንና ጆርጅ ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተማቸውን የሸክላ ሰሌዳዎች ያነበበ ሰው ሌላ የፍጥረት ታሪክ ያገኛል። በዚያ ታሪክ ዓለም የሚሠራው ከተሸነፈች አምላክ ሬሳ ነው፤ ሰው የሚፈጠረውም ከተገደለ አምላክ ደም፣ አማልክትን ከድካም ለማሳረፍ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ጦርነትም ሬሳም አያውቅም። ጎረቤት ሕዝቦች የሚሰግዱላቸውን ፀሐይንና ጨረቃን በምዕራፍ አንድ በስማቸው እንኳ አይጠራቸውም፤ ታላቁና ታናሹ ብርሃን ብሎ ያልፋል። በዕብራይስጡ ምዕራፍ አንድ ውስጥ ፈጣሪ ሥራውን አይቶ መልካም ማለቱ ሰባት ጊዜ ተመዝግቧል፤ ሰባተኛው፣ ሰው ከተፈጠረ በኋላ ያለው፣ «እጅግ» የሚል ተጨምሮበታል።

በመካኒሳ ይህን መጽሐፍ በሌላ ወግ የሚያጠና ተቋምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ በ1951 ዓ.ም. ለተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አገልጋዮችን ሲያሠለጥን ኖሯል። የቤተ ክርስቲያኗ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በነበሩበት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ወንጌል መስበክና ሰውን ከድህነት ማውጣት ሊነጣጠሉ አይገባም፤ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም የሚል ነበር ሐሳቡ። ከምድር አፈር የተሠራው አካልና ከፈጣሪ የተነፈሰበት እስትንፋስ አንድ ሰው መሆናቸውን ከዘፍጥረት ምዕራፍ ሁለት ያነበበ አማኝ ይህን ሐሳብ ወዲያው ያውቀዋል።

ቄስ ጉዲና ያመኑትን በሕይወታቸው ከፈሉበት። በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት ዕድል ተከፍቶላቸው ነበር፤ ምእመናንን ጥለው መሄድን እምቢ አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ቄሱ ተገደሉ። ባለቤታቸውም ለዓመታት ታሰሩ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በእግዚአብሔር ፍቅር መታመን ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ሰው ለአፍ የሚጣፍጥ ንግግር ሳይፈልግ ይህን ታሪክ ማየት ይችላል።

ዛሬ ሥነ ፍጥረትን የሚያጠና ወጣት ሌላ ጥያቄም ይገጥመዋል። አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ የተባለችው ቅሪተ አካል አለች፤ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘች፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚቆጠር። ጠዋት ሃያ ሁለቱን ቆጥሮ ከሰዓት ሙዚየም የሚገባ ተማሪ ግራ መጋባቱ አይቀርም። የአገራችን የትርጓሜ ጉባኤ ለጥያቄ ጆሮውን የደፈነ ጉባኤ አይደለም። አንድምታ የሚባለው «አንድም» እያለ ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች ስለሚደረድር ነው፤ መምህሩ አንዱን ፍች ሲሰጥ ሌላውን አይሰርዘውም። በሰሜን አፍሪካ የነበረው አውግስጢኖስም ፈጣሪ ሁሉን በአንድ ጊዜ ፈጠረ፣ ስድስቱ ቀናት እንደኛ ቀን የሚለኩ ላይሆኑ ይችላሉ ብሎ ጽፏል፤ ይህን ያለው ሳይንስ ሳያስገድደው ከ1,600 ዓመት በፊት ነው። አጥንቱ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ የሚመረምር አለ፤ ያ ፍጡር የተወደደ መሆን አለመሆኑን ግን ሚዛንና ላቦራቶሪ አይነግረውም። ሁለቱንም ጥያቄ በየቦታው መጠየቅ እምነትን አያሳፍርም።

የእግዚአብሔር ፍቅር የሚታወቀው ደግሞ ቤቱ በተሰናዳበት ቀን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት አዳም ከገነት ሲወጣ ባዶ እጁን አልወጣም። ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ የሚል ቃል ኪዳን ተሰጠው። በእግዚአብሔር ፊት አንድ ቀን ሺህ ዓመት ነውና አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ሆኖ ተቆጠረ። እስከ ዛሬ በእንቁጣጣሽ በየደብሩ የሚነበበው ባሕረ ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ 2016ን ከ5500 ጋር ስንደምር 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ቀሪ ስለሌለው ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ተባለ። የዘመን መለወጫው ስሌት በሙሉ ለአንድ ተስፋ በተሰጠ ቀጠሮ ላይ ቆሟል ማለት ነው። አዳም የተፈጠረበት ዓርብ፣ ክርስቶስ የተሰቀለበትም ዓርብ መሆኑን ምእመናን ከልጅነታቸው ያውቃሉ።

አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሆኑንም ዘፍጥረት ይናገራል። መካኒሳ ይህን ትእዛዝ በየቀኑ የሚፈትን ቦታ አለው። ትንሹ አቃቂ በከተማው ፍሳሽ ቆሽሾ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ በዳርቻው የሚለማውን አትክልት የመረመሩ ጥናቶች በከባድ ብረታ ብረት መበከሉን ደጋግመው አሳይተዋል። በእጅ የሚለቀመው የማክሰኞ ስጦታ ለምግብ እንዲሆን የተፈጠረ ነውና ውኃውን ማቆሸሽ ስጦታውን ከሰጪው ፊት መርገጥ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ የአገር በቀሉ ደን የተረፈው በአድባራትና በገዳማት ግቢ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ሜግ ላውማን በደቡብ ጎንደር እንዳጠኑት፣ ምእመናን ተባብረው ድንጋይ ለቅመው ካብ በመካብ ደኖቹን ከከብት ጠብቀዋል። ለእነርሱ ያ ደን የገነት ምሳሌ ነው።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት በጣም ቅርብ ሆኖ የሚታየው ግን በክርስትና ጠዋት ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በተፈጠረ በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት መግባታቸውን ይተርካል። ስለዚህ በመካኒሳ ሚካኤልም ሆነ በመካኒሳ አቦ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በግዕዝ ሰው እጓለ እመሕያው ይባላል፤ የሕያዋን እናት ልጅ፣ የሔዋን ልጅ ማለት ነው። በማለዳ፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ እናት በነጭ ነጠላ የተጠቀለለች ልጇን ይዛ ትገባለች። ክርስትና እናቷ ከአጠገቧ ትቆማለች። ውኃው ሲነካት ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ በአንገቷ ማተብ ይታሰራል፤ ቅዱስ ቁርባን ትቀበላለች። ቤት ሲደርሱ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ አያቷ በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። የሰማንያ ቀን ልጅ ናት፤ ሁሉም ነገር ከእርሷ መምጣት በፊት ተዘጋጅቶ ቆይቷል።