ብርሃን ላለበት ክፍል የሚሆን የፕሮጀክተር ሸራ

ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለምን ሊፈጥር አይችልም፤ ጥቁር መሆን ባለበት ቦታ ላይ ብርሃን ሳይልክ ያልፈዋል እንጂ፤ ስለዚህም ተመልካቹ ጥቁር ብሎ የሚያየው የክፍሉ ብርሃን ያረፈበትን የሸራውን የራሱን ገጽ ነው። መጋረጃ በሌለው አዳራሽ ምስል የሚገረጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ በስሌት ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። የፕሮጀክተር ጉልበት በሉመን ይለካል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ሉመን ደግሞ ሉክስ ይባላል። 3000 ሉመን ያለው ፕሮጀክተር 3 ካሬ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ 1000 ሉክስ ያሳርፋል፤ የክፍሉ መብራት 200 ሉክስ ሲጨምርበት ነጩ 1200፣ ጥቁሩ 200 ስለሚሆን፣ ኮንትራስት የሚባለው የሁለቱ ንጽጽር 6 ለ1 ብቻ ይሆናል። በወቅቱ ኢንፎኮም ይባል የነበረው የድምፅና የምስል ባለሙያዎች ማኅበር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመዘኛ እንዲሁ ለመመልከት 7 ለ1፣ ከሚታየው ተነሥቶ ለመወሰን 15 ለ1፣ ለፊልም 80 ለ1 ይጠይቃል። ሆኖም ከሸራው ፊት ያሉት አምፖሎች ጠፍተው የክፍሉ ብርሃን ወደ 50 ሉክስ ቢወርድ፣ ያለ አንዳች ወጪ ንጽጽሩ 21 ለ1 ይደርሳል፤ ማንኛውም ሸራ ከመገዛቱ በፊት መሞከር ያለበት ይህ ነው።

ለብሩህ ክፍል መፍትሔ ተደርጎ የሚቀርበው ተራ ግራጫ ሸራ ግን ገዢውን ያሳስታል። ሸራ ብርሃንን ወደ ተመልካች የሚመልስበት አቅም ጌይን ይባላል፤ መነሻው የተራ ነጭ ገጽ 1 ሲሆን፣ ጌይኑ 0.8 የሆነ ግራጫ ሸራ የፕሮጀክተሩንም የክፍሉንም ብርሃን እኩል በአንድ አምስተኛ ስለሚቀንስ ንጽጽሩ ያው ይቀራል። የሚጠቅመው ይልቁንም የጨለመ ግን ግድግዳው ነጭ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳ ተመልሶ ሸራው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ለማዳከም ነው።

እውነተኛ ለውጥ የሚያመጣው ብርሃንን በመጣበት አቅጣጫ የሚለይ ሸራ ነው። ከሸራው ሥር ተጠግቶ ለሚቀመጥ ፕሮጀክተር የሚሠራው ዓይነት፣ ገጹ እንደ መጋዝ ጥርስ በደቃቁ የተሰነጠቀ ሆኖ፣ ወደ ታች የዞረው ጎን የፕሮጀክተሩን ብርሃን ለተመልካች ሲመልስ፣ ወደ ላይ የዞረው ጥቁር ጎን የጣሪያውን መብራት ይውጣል። ይኸው ሸራ ጣሪያ ላይ ለተሰቀለ ፕሮጀክተር ቢገዛ የራሱን የፕሮጀክተሩን ብርሃን ስለሚውጥ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ከተመልካቹ ጀርባ ካለ መስኮት የሚመጣ ብርሃንም ከሩቅ ከሚያበራ ፕሮጀክተር ብርሃን ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚጓዝ፣ እሱን የሚከለክለው ወፍራም መጋረጃ እንጂ ሸራ አይደለም። በተጨማሪም እንዲህ ያሉ ሸራዎች ብዙውን ጊዜ ከጎን ለተቀመጠ ሰው ስለሚደበዝዙ፣ ታዳሚው ወደ ጎን ተዘርግቶ በሚቀመጥበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነጭ ሸራ ከበቂ መጋረጃ ጋር ይመረጣል።