በአራቱም ጎማው ከሚሄድ መኪና ስለሚሰማ ድምፅ

በሰሜን ወሎ ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚወስደው የአስፋልት መንገድ በሲሪንቃ በኩል ያልፋል። ከዚህ መንገድ ወጥቶ ወደ ማሳ የሚወርደውን መኪና ግን በክረምት ወራት ወዲያው ጭቃ ይቀበለዋል። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ስፍራ ነውና፤ ዘርም ባለሙያም ወደ ገበሬው የሚደርሰው በአራቱም ጎማው በሚሄድ መኪና ነው። ላንድሮቨር እንኳ በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም በታየ ጊዜ ለእርሻ ሥራ ጭምር የታሰበ ነበር። የዘር ጊዜ መኪና እስኪጠገን ድረስ አይጠብቅም። ስለዚህ ሾፌሩ «ከሥር ድምፅ ይሰማል» ባለ ጊዜ «ዝም ብለህ ንዳ» የሚል ሹም በመንግሥት ገንዘብ ላይ ፈረደ ማለት ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር መረዳት ይገባል። መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የፊቱ ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ሰፊ ክብ ይዞራሉና ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። በብዙዎቹ የመስክ መኪናዎች ግን የአራት ጎማው ማርሽ በገባ ጊዜ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ሆነው ስለሚታሰሩ እኩል መዞር ግድ ይሆንባቸዋል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያስተካክለዋል። አስፋልት ላይ ጎማው መንገዱን አልለቅም ስለሚል ኃይሉ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ በዘንጎቹና በጥርሶቹ ውስጥ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ያቃስታል፤ ይዘላል፤ ማርሹም አልወጣ ይላል። ይህ ገና ስብራት አይደለም፤ በቸልታ ከቀጠለ ግን ስብራት ይሆናል። መድኃኒቱ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ ማርሹን ማውጣት ነው። ከማሳ ተመልሶ አስፋልት ሲረግጥ ይህን የሚረሳ ሾፌር ብዙ ነው። ከፊትና ከኋላ መጠኑ የተለያየ ጎማ የታሰረበት መኪናም ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ይኸው ጭንቀት ያገኘዋል።

መኪናው ሲነሣ፤ ወይም ነዳጅ ተለቆ እንደ ገና ሲሰጥ የምት ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፤ የሚመረመረው ክሮቸራው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፤ ማርሹ ወጥቶ፤ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ ዘንጉን በእጅ ቢያወዛውዙት ልቅነቱ ይታወቃል። መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ሲታጠፉ ከፊት ጎማ አጠገብ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ የፊቱ ዘንግ መገጣጠሚያ ተበልቷል፤ ብዙ ጊዜም ግሪሱን የሚጠብቀው ላስቲክ ተቀድዶ ጭቃ ገብቶበታል።

ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር፤ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የሚለዋወጥ ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ ከዲፈረንሻል ነው። መጀመሪያ ዘይቱ ይታይ። በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ መተንፈሻው በጭቃ የተደፈነ እንደ ሆነ በዘንጉ መክደኛ ላስቲክ በኩል ውሃ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ነጣ ይላል፤ እንዲህ የሆነው በዚያው ቀን ይለወጣል እንጂ እስከሚቀጥለው በጀት አይቆይም።

ነዳጅ ቢሰጥም ባይሰጥም የማይለወጥ፤ ወደ አንድ ወገን ሲታጠፉ ግን የሚበረታ ጉምጉምታ የጎማ ኩሽኔታ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው መኪና ሰው ጭኖ ቁልቁለት ሊወርድ አይገባውም።

ወደ ጋራዥ በሚላከው ወረቀት ላይ «ይጮኻል» ብሎ መጻፍ ለመካኒኩ ምንም አይነግረውም። ድምፁ በየትኛው ማርሽ፤ በምን ያህል ፍጥነት፤ ሲታጠፍ ወይስ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንደ ተሰማ፤ ሾፌሩ በተናገረው ቃል ይጻፍበት።