የገበሬውን ሒሳብ የሚያጠና ሙያ

ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጎተራ ከገባ ዓመታት ይቆያል። ታዲያ በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ሮብ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ዋጋ በሚረክስበት በአውድማ ማግሥት ለምን ይሸጣል? ክረምት ድረስ ቢያቆየው ይወደድለት የለም? የማዳበሪያ ዕዳው፣ የመሬት ግብሩና የጥር ሠርጉ አይጠብቁትም። ይህን ሒሳብ የሚመረምረው ሙያ የግብርና ኢኮኖሚክስ ይባላል። የሰብል ተመራማሪ ማዳበሪያ ስንት ኩንታል እንደሚጨምር ይነግረናል። የግብርና ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ደግሞ ጭማሪው የማዳበሪያውን ዋጋና የጉልበቱን ድካም ይችላል ወይ? ዝናብ ቢቀርስ ኪሳራውን ማን ይሸከማል? ብሎ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲዘለል የሚመጣውን ጎጃም በ1960 ዓ.ም. አይቶታል። መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲያውጅ የሞጣና የብቸና ገበሬ ሸፈተ። ገቢ ገማቹ መሬት ሊለካ፣ ቀጥሎም ርስት ሊነጥቅ የመጣ መስሎታልና። ጦር ዘመተ፤ ግብሩ ግን ሳይሰበሰብ ቀረ፣ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከቦታቸው ተነሡ።

በ1990ዎቹ የአዲስ አበባና የስዊድኑ የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ እነዚያኑ አባወራዎች እየተመላለሱ ጠየቁ። በመካከሉ የአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ማደል ጀመረ። ደብተሩ ለሁሉም ቀበሌ እኩል አለመድረሱ ለጥናቱ በጀ፤ ቀድመው ያገኙትን ገና ካላገኙት ጋር ማነጻጸር ተቻለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ደብተር የያዘው ገበሬ መሬቴን እነጠቃለሁ የሚለው ስጋቱ ቀንሷል፤ አፈሩን ለመጠበቅ የበለጠ ለፍቷል፤ መሬት ማከራየቱም ጨምሯል። በ1960 ጠመንጃ ያስነሣው ስጋት እዚህ በቁጥር ተለካ።

ዛሬ ሙያውን ከሐረማያ እስከ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። የሳተላይት ምስልና የሞባይል ስልክ መረጃ አሰባሰቡን አፍጥነውታል። ሆኖም ሳተላይት እርከኑን እንጂ ዕዳውን አያይም፤ ገበሬው ደጃፍ ድረስ ሄዶ መጠየቅ አይቀርም። የሚጎድለው የመልስ ጉዞው ነው፤ አብዛኛው ጥናት በእንግሊዝኛ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የገበሬውን ሰዓት ወስዶ መጠይቁን ያስሞላ ተመራማሪ ያገኘውን በአማርኛ ጽፎ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሊያደርስ ይገባል።